መገንጠያው ላይ የቀረ ሕዝብ

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቁ አንባቢያን ጋሸናን አይዘነጓትም። ወሎንና ጎንደርን በሚያገናኘው መንገድ ላይ፣ ከደጋው አናት የተቀመጠች፣ ነፋስ የማያርፍባት ትንሽ ከተማ ናት። ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ የሚገነጠለው ከእሷ ነው፤ ላሊበላ ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደ ምሥራቅ ቢሉ ወልድያ፣ ወደ ምዕራብ ቢሉ ነፋስ መውጫና ደብረ ታቦር፣ ወደ ደቡብ ቢሉ ኮንና ደላንታ ናቸው። ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው ከዚህ የበለጠ የተገናኘ ቦታ ከወዴት ይገኛል? ይሁንና እናታችን የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በዚህችው መገንጠያ ላይ ቆመው መኪና ሲጠብቁ ነው ብንል፣ ነገሩን የምናጋንን የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እስከ መጨረሻው አብሮን እንዲቆይ እንለምነዋለን።

«እኛ» እያልን የምንጽፈው ከጋዜጣ ሥራ የቀረን ልማድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የምንናገረው የአንድ ሰው ታሪክ ቢሆንም፣ በዚያ መገንጠያ ጥላና ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የቆመው ሰው አንድ ስላልነበረ ነው።

ተወልደን ያደግነው ከጋሸና የአራት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርስቲ ገብተን፣ ተመርቀን፣ አዲስ አበባ ላይ የጋዜጣ ሥራ ስንጀምር በቤተሰባችን ዘንድ ደመወዝተኛ የምንባለው እኛ ብቻ ነበርን። እናታችን በዚያ ዘመን ዓይናቸውን ያማቸው ነበር። በሽታው አዲስ አልነበረም፤ በሀገራችን ገጠር፣ በተለይም በሰሜኑ ደጋ፣ ስንት እናቶችን የጎዳው ትራኮማ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ደጋግሞ የያዘ ዓይን ውስጡ እየጠባሰ ይሄድና በመጨረሻ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። የተቀለበሰው ፀጉር ዓይን በተከደነና በተገለጠ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ይጎዳሉ፤ ሕፃናቱን አቅፎ የሚውለው ማን ሆነና። እናታችንም እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ አንዲት ወረንጦ በቀሚሳቸው ጫፍ ቋጥረው፣ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሽፋሽፍታቸውን ያስነቅሉ ነበር። የሚነቅሉላቸው እኛ ነበርን። አዲስ አበባ ስንገባ ያን ሥራ ታናሽ ወንድማችን ተረከበ።

ሕክምናው ቀላል ነው። ሽፋኑን በመጠነኛ ቀዶ ሕክምና መልሶ ማቅናት ነው፤ በጊዜው ከተደረገ ዓይኑ ይተርፋል፤ ካለፈ ግን ብሌኑ ላይ የወጣውን ጠባሳ መልሶ የሚያነጻው የለም። በ1988 ዓ.ም. ገንዘብ ልከን፣ ወንድማችን እናታችንን ይዞ ከወልድያ ወዲያ ባለች ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል እንዲሄድ ተስማማን። የዓይን ሐኪሙ በሽተኛ የሚያይበት ቀን ሰኞ ብቻ እንደሆነ አስቀድመን አጣርተናል። ስለዚህ እሑድ ሌሊት ከቤት ይወጣሉ፤ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ይገኛሉ። የከተማ ሰው ያወጣው ዕቅድ ይህን ይመስላል።

የሆነውን ግን ሰዓት በሰዓት እናስታውሰዋለን፤ ወንድማችን በኋላ በደብዳቤ ጽፎልናልና። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከቤት ወጡ። ጠዋት 2 ሰዓት ጋሸና ደረሱ። ከምዕራብ ወደ ወልድያ የሚያልፉት አውቶቡሶች አንድ በአንድ መጡ፤ ሁሉም ከተነሡበት መናኸሪያ ጢም ብለው ሞልተው ነው። አንዱ ጭራሽ አልቆመም። ሌላው ቆሞ ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለና «እናቴ፣ ቦታ የለም» አላቸው። «ልጄ፣ መሬት እቀመጣለሁ» አሉት። «ትራፊክ ይቀጣናል» ብሎ በሩን ደበደበና ሄደ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እህል የጫነ አይሱዙ ተገኘ፤ የአውቶቡሱን ታሪፍ እጥፍ ከፍለው ከጆንያው ላይ ወጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ወልድያ ገቡ። አልቤርጎ አደሩ። ሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ትኬት ከዋዜማው አልቋል፤ ተራ የደረሰው ቀጣዩ መኪና ደግሞ እስኪሞላ ቆሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ተነሣ። ከቀኑ 10 ሰዓት ከተማዪቱ ደረሱ። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። የሚቀጥለው ሰኞ ሳምንት ነው።

እስቲ አንባቢያን አብረውን ያስሉ። ከቤት እስከ ሆስፒታል ደጃፍ 36 ሰዓት ፈጀ። ከዚህ ውስጥ በእግር የተኬደው 4 ሰዓት፣ በመኪና የተኬደው 8 ሰዓት ነው። የቀረው 24 ሰዓት፣ አንድ ሙሉ መዓልትና ሌሊት፣ ጥበቃ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አልዘገዩም፤ መኪናው ስላዘገመም አልዘገዩም። አንዱ መኪና ከሌላው ጋር፣ መኪናውም ከሐኪሙ ጋር ስላልተገናኘ ነው። ተገናኝቶ ቢሆን ኖሮ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እዚያው ከተማ ገብተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ በሰላም ያድሩ ነበር። አንድ ሳምንት ለመቆየት ደግሞ ስንቁም ገንዘቡም አልበቃ፤ ቤቱም ሰው አልነበረበት። ተመለሱ።

«ታዲያ ለምን አስቀድመው አልወጡም?» የሚል ይኖራል። ሁለተኛው ጊዜ ቀድመው ወጡ። ነሐሴ ነበር፤ ዓርብ ከቤት ተነሥተው ጋሸና ላይ ሁለት ሌሊት አደሩ። ክረምት ሲሆን የመኪናው ቁጥር ይቀንሳል፤ የሚመጣውም ሞልቶ ይመጣል። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አይሱዙዎቹ የሚጭኑት እህልና ከብት እንጂ ታማሚ አይደለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናታችን ወደ ወንድማችን ዞረው «በቃ፣ እንግባ። እግዜር አልፈቀደውም» አሉት። ያኔ ደብዳቤውን ስናነብ በዚህ ቃል ላይ ብዙ ቆየን። እግዚአብሔር በዚህ ጉዳይ ምንም አላደረገም ነበር። አለመፍቀድ የነበረበት በሌላ ቦታ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ በ1990 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጊዜ ራሳችን ከአዲስ አበባ መኪና ለምነን ሄደን አደረስናቸው። ሐኪሙ ትሑትና ደግ ሰው ነበር። ሁለቱንም ሽፋን አቀናላቸው። ከዚያም ወደ ውጪ ጠራንና ቀኙ ዓይን ካለቀ እንደቆየ፣ ግራውም ጥላ ከማየት በቀር ብዙ ተስፋ እንደሌለው ነገረን። «ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ መልካም ነበር» አለን። ከሁለት ዓመት በፊት መጥተው ነበር። አንድ ቀን ዘግይተው ደረሱ እንጂ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ኃጢአት ሳንናዘዝ ብናልፍ ለሌላው ለመናገር አፍ አይኖረንም። በእነዚያው ዓመታት ስለ መንገድ የማንጽፍበት ወር አልነበረም። መንግሥት የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የተባለውን ታላቅ ዕቅድ በ1989 ዓ.ም. ሲጀምር ዘገብን። ምረቃ በተደረገ ቁጥር በባለሥልጣናቱ መኪኖች ተሳፍረን ሄደን ሪባን ሲቆረጥ አየን፤ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ከመግለጫው ላይ ገልብጠን አተምን። በኋላ ወደ ግሉ ፕሬስ ተሻግረን መንግሥትን ስንተችም የተከራከርነው በኪሎ ሜትሩ ላይ ነበር፤ «ያን ያህል አልተሠራም፤ ጥራት የለውም» እያልን። በዚህ መንገድ ላይ በቀን ስንት የሕዝብ መኪና ያልፋል? በስንት ሰዓት? መሀል መንገድ ላይ የሚቆመውን ሰው ማን ያነሣዋል? ብለን አንድ ቀን አልጠየቅንም። እናታችን መገንጠያው ላይ ሁለት ሌሊት ባደሩ ጊዜ እንኳ ነገሩን የቤተሰብ ችግር አድርገን ቆጠርነው እንጂ ዜና ነው አላልንም።

ፍትሕ ለመናገር ያህል መንገድ አልተሠራም የሚል ሰው እኛ ዘንድ የለም። ፕሮግራሙ ሲጀመር ሀገሪቱ የነበራት የመንገድ ርዝመት ከ27 ሺህ ኪሎ ሜትር በታች ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌዎችን ሁሉ ከዋና መንገድ ጋር የማገናኘት ፕሮግራም ተጀመረ። ኢሕአዴግን አጥብቀን የተቃወምን ሰዎች ይህን ብንክድ ውሸታሞች እንሆናለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው። መንገድ የመጓጓዣ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ መኪናው፣ ሰዓቱና ኃላፊነቱ ነው። አንዱን ግማሽ ሠርቶ ሌላውን ለዕድል መተው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ እንግለጠው። የሀገር አቋራጭ መኪኖቻችን የሚንቀሳቀሱት በተራ ነው። ባለንብረቱ የማኅበር አባል ይሆናል፤ መናኸሪያ ገብቶ ተራውን ይይዛል፤ ሲሞላ ይነሣል። ታሪፉ የሚወሰነው በርቀትና በመንገዱ ዓይነት ስለሆነ፣ ሳይሞላ የሚነሣ መኪና ይከስራል። ባለንብረቱ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የጎማው፣ የመለዋወጫው፣ የነዳጁና የባንኩ ዕዳ አለበት። ነገር ግን የአሠራሩን ውጤት ልብ ይበሉ። የባዶ ወንበር ኪሳራ ከባለንብረቱ ትከሻ ወርዶ በመንገደኛው ጊዜ ላይ ይጫናል። መኪናው እስኪሞላ የሚያልፈው ሦስትና አራት ሰዓት ዋጋው ምንም እንደሆነ ይቆጠራል፤ የገበሬ ጊዜ ነዋ! በዚህ ላይ መሀል መንገድ ላይ የሚሳፈረው ሰው ሁልጊዜ የተሸነፈ ነው። ሞልቶ የተነሣ መኪና ለእሱ ቦታ የለውም፤ ቦታ ቢኖርም ብዙ ጊዜ «እስከ መጨረሻው ሙሉ ክፈል» ይባላል። ከመገንጠያው ወዲያ ያለው ጉዞ ደግሞ የማንም ኃላፊነት አይደለም። ሾፌሩ ከሌላው ሾፌር፣ ማኅበሩ ከሌላው ማኅበር፣ ወረዳው ከሌላው ወረዳ ጋር የሚያያዝበት ገመድ የለም። መንገደኛው ከአንዱ እጅ ወድቆ ሌላው እስኪያነሣው ድረስ መሬት ላይ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ከምርጫው ማግስት የመጣውን የጋዜጠኞች እስር ሸሽተን ስንወጣ፣ ከብዙ እንግልት በኋላ እግራችን ያረፈው በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ባለች አነስተኛ መንደር ነው። የመጀመሪያው ክረምት ነበር። ከከተማ ወደ መንደራችን የሚወስደን የመጨረሻው ባቡር በበረዶ ምክንያት ዘገየ። ከባቡሩ ወርደን ወደ ተራራው የሚወጣው ቢጫ የፖስታ አውቶቡስ የሚነሣበት ሰዓት ማለፉን ስናይ፣ እንደለመድነው ማደሪያ ጥግ በዓይናችን መፈለግ ጀመርን። አውቶቡሱ ግን ሞተሩን አስነሥቶ፣ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ «ሌላ የሚወርድ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀን። ተሳፋሪው እኛ ብቻ ነበርን። የሚጠብቀው እኛን ነበር። ወንበራችን ላይ ተቀምጠን ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዞርን፤ እንባችን እንዳይታይ።

ያ ሰው የተለየ ደግ ሰው እንዳልነበረ የተረዳነው ቆይቶ ነው። ሥራው ነበር። በዚያች ሀገር የፖስታ አውቶቡስ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። በ1982 እ.ኤ.አ. ባቡሮች በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ የሚነሡበት የጊዜ ሰሌዳ በመላ ሀገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ሕዝቡ በድምፁ ባጸደቀው ዕቅድ ባቡሮቹና አውቶቡሶቹ በየመገናኛው ጣቢያ እንዲጠባበቁ ሆነው ተደራጁ። የዕቅዱ ዓላማ ባቡሩን በተቻለ መጠን ማፍጠን አልነበረም፤ ለግንኙነቱ እስከሚበቃ ድረስ ማፍጠን እንጂ። ዓመቱን ሙሉ ቢያንስ 100 ሰው የሚኖርበት ቦታ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፍ መጓጓዣ እንዲያገኝ ደንብ አለ። መቶ ሰው! የእኛ መንደር አንድ ሰንበቴ ከዚህ የሚበልጥ ሰው ይሰበስባል።

«እነሱ ሀብታሞች ናቸው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ሌቦችም እንደሌሉባቸው አድርገን አንናገርም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ይኸው የፖስታ አውቶቡስ ኩባንያ ከሚገባው በላይ የመንግሥት ድጎማ ሲወስድ መኖሩ ተጋልጧል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ገንዘቡ እንዲመለስ ተደረገ፣ የፖስታ ድርጅቱ የበላይ ኃላፊም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ተጠያቂነት ማለት ይህ ነው። ሀብትን በተመለከተ ደግሞ ባቡር ይሠራልን አላልንም። የሁለት መኪኖችን ሰዓት ማስማማት የሚጠይቀው ወረቀት፣ እስክርቢቶና ሕዝቡን እንደ ሰው መቁጠር ነው።

የእኛ ሕዝብ መንገድን የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። ይህን የምንለው ለመኩራራት አይደለም፤ ያ የጋሸና አካባቢ ራሱ ምስክር ስለሆነ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የወሰዱት በዚያው በኩል ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ጨጨሆን አልፈው፣ የዋድላን ደጋ ተሻግረው፣ በዋድላና በደላንታ መካከል ያለውን የጂጣን ገደል መንገድ ቆርጠው፣ በሽሎንም ተሻግረው ደረሱ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ሊወጓቸው የመጡት እንግሊዞች እንኳ ያን መንገድ አይተው አድንቀዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ መንገድ ሠሩ፤ ሀገሬው «ቻይና መንገድ» ይለዋል። ስለዚህ መድፍም፣ ጦርም፣ የዕርዳታ እህልም በዚያ ደጋ ላይ ለማለፍ መንገድ አላጡም። መንግሥት ሲፈልግ ያልፋል። ዓይኗን የታመመች እናት ስትፈልግ ግን ይቆማል። ከኮን ገበያ ደላንታን አሻግሮ የሚያይ ገበሬ ዘመዱን በዓይኑ እያየ፣ እሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ የሚወጣበት ዘመን ረጅም ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይህ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የመጣውን ለውጥ ተከትሎ ለብዙ ስደተኞች በሩ ሲከፈት፣ እኛም በ2011 ዓ.ም. ከ13 ዓመት በኋላ ሀገራችንን ለማየት በቃን። በአውሮፕላን ላሊበላ መውረድ እንችል ነበር፤ አልፈለግንም። በመኪና ሄድን። ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ የተጓዝንበት አውቶቡስ ምቹ ነበር፤ ውሃና ኬክ ሳይቀር ያድላል። ወልድያ መናኸሪያ ላይ ግን የምናውቀው ዓለም ጠበቀን። «ጋሸና! ጋሸና! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል ልጁ። ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ እውነትም አንድ ወንበር ብቻ ክፍት ነበረች። ከተቀመጥን በኋላ ግን ከተሳፋሪዎቹ ስድስቱ ተራ በተራ ወርደው ሄዱ። ለካ ለማስመሰል የተቀመጡ ኖረዋል! ሦስት ሰዓት ጠበቅን። አጠገባችን የተቀመጡት አዛውንት «ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?» አሉን። ከውጭ አገር እንደሆነ ስንነግራቸው «እዚያም እንዲህ ነው?» ብለው ጠየቁን። አይደለም ለማለት አፈርን። «ይለያያል፣ አባቴ» አልናቸው።

ጋሸና ስንደርስ ከመገንጠያው ወደ መንደራችን የሚወስድ ጠጠር መንገድ ተሠርቶ፣ ከመግቢያው ላይ የፕሮግራሙ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሞ አየን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አንዱን የባጃጅ ልጅ «መኪና በስንት ሰዓት ይሄዳል?» ብለን ጠየቅነው። «ቅዳሜ» አለን። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ባጃጁ ዳገቱን አይችለውም። ስለዚህ አዲሱን መንገድ ይዘን፣ ቦርሳችንን በትከሻችን ተሸክመን፣ በልጅነታችን እንደምንሄደው አራት ሰዓት በእግራችን ሄድን። በመንገዱ ላይ የተገናኘን መኪና አንድም አልነበረም። አህዮች ግን መንገዱን ወደውታል።

ስንደርስ መሽቷል። እናታችን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ድምፃችንን ሲሰሙ አልጮኹም፤ አላለቀሱም። እጃቸውን ዘርግተው ፊታችንን ከግንባር እስከ አገጭ ዳሰሱ፤ የሸበተውን ጢማችንን ሲነኩ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉን፦

«ልጄ፣ መኪናው ቆየብህ?»

አሥራ ሦስት ዓመት። እናታችን ስለ ምርጫም፣ ስለ ጋዜጣም፣ ስለ ስደተኝነት ወረቀትም የሚያውቁት ጥቂት ነው። በእሳቸው ዓለም ሰው የሚቀረው ሁለት ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ወይ ሞት፣ ወይ መኪና። እኛ አልሞትንም፤ ስለዚህ መኪናው ነው። ልናስረዳቸው ብለን ተውነው። «አዎ እማዬ፣ ቆየብኝ» አልናቸው። ይህን መልስ ዛሬም አንጸጸትበትም፤ እውነት ነውና።

በጥር 2012 ዓ.ም. አረፉ። የቀብራቸውን ዜና የሰማነው በስልክ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ጋሸና ስሟ በዓለም ዜና የተሰማው በመገንጠያነቷ ሳይሆን በጦር ግንባርነቷ ነው። መገንጠያ የያዘ ሁሉን ይይዛልና፣ ተዋጊዎቹ ለሕዝብ መኪና ያልታሰበውን ዋጋ ለዚያች ቦታ ሰጧት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ውጊያ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርስቲ ወደ ቤታቸው የሚጓዙ ተማሪዎች ታግተዋል፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ገብረ ጉራቻ አካባቢ ብዙዎቹ ከደባርቅ ዩኒቨርስቲ የሚመለሱ ተማሪዎች የሆኑ ከመቶ በላይ መንገደኞች ከአውቶቡስ ወርደው መወሰዳቸው ተዘግቧል። ዛሬ ለብዙ ወገኖቻችን የጉዞ ጥያቄ «መኪና አለ ወይ?» ከሚለው አልፎ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ወደሚለው ከፍቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጊዜ ሰሌዳ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም።

እኛ ግን ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ አይመስሉንም። መገንጠያ ላይ የቆመው ሰው የማንም ኃላፊነት አይደለም ብሎ የለመደ ሥርዓት፣ ያ ሰው ከመኪና ሲወርድና ሲወሰድም ኃላፊነቱን አይቀበልም። ለመንገደኛ ግድ አለመስጠት የጀመረው ጠመንጃው ሲተኮስ አይደለም። ቀድሞ፣ ማንም ሳይተኩስ፣ ሰላም በሆነ የእሑድ ጠዋት ነው።

ስለዚህ ሰላም በወረደ ማግስት፣ ሥልጣኑን የያዘው ማንም ይሁን ማን፣ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በየመናኸሪያውና በየመገንጠያው የመነሻና የማለፊያ ሰዓት ተጽፎ ይለጠፍ። በቀን ቢያንስ አንድ መኪና፣ ሞላም አልሞላም፣ በሰዓቱ ይነሣ፤ የባዶ ወንበሩን ኪሳራ መንግሥት ከመንገድ በጀቱ ጥቂት ቆንጥሮ ለባለንብረቱ ይክፈል። ሪባን ለመቁረጥ ከሚወጣው አይበልጥም። ለመሀል መንገድ ተሳፋሪ ወንበር ይጠበቅ፤ የሄደበትን ያህል ብቻ ይክፈል። መገንጠያዎች ላይ ጣሪያ፣ ውሃና መጸዳጃ ይሠራ። ሆስፒታሎችም ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ቀጠሮ ሲሰጡ መኪና የሚመጣበትን ቀን ይጠይቁ። ጋዜጠኞች ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም መንገድ ሲመረቅ ሊዘግቡ በሄዱ ጊዜ፣ እኛ ያልጠየቅነውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልን፦ «ነገ ጠዋት በዚህ መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና በስንት ሰዓት ነው?»

ወንድማችን ዛሬም እዚያው መንደር ነው። በቅርቡ ኔትወርክ በተገኘበት ቀን ደውሎልን፣ የሚስቱ ዓይን ማሳከክ እንደ ጀመረ ነገረን። ወረንጦዋን እንደያዘች ነው አለ። አሁን ሕክምናው በጤና ጣቢያም ሊገኝ ስለሚችል ሳትዘገይ እንድትሄድ አጥብቀን ለመንነው። ዝም አለ። ከዚያ «ቅዳሜ መኪና ከመጣ» አለን።

ቸር ይግጠመን።